መጽሐፉ ይቆይ፣ አንባቢው ይቅደም

መጻፍ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ «መጽሐፌን ማን ያሳትምልኛል?» የሚል ነው። በእኛ አገር መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ራስህ» ነው። አሳታሚዎች የሉም ማለቴ አይደለም፤ ስሙ ገና ላልተሰማ ጀማሪ ኪሳቸውን የሚከፍቱት ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ደራሲው ራሱ ኢዲተር ይቀጥራል፣ ሽፋን ያሠራል፣ ማተሚያ ቤት ሄዶ ቅድሚያ ይከፍላል። መጽሐፉ ሲወጣ ደግሞ ለአከፋፋይ ያስረክባል፤ ከአከፋፋዩ ወደ መደብሮችና ወደ አዟሪዎች ይሄዳል። በአንድ ራስ ላይ ሦስት ባርኔጣ ማለት ነው፦ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ነጋዴ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው! ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምይዛቸው፤ የወረቀት ዋጋ ስለማይረጋ እናንተ የሰሞኑን አስገቡበት። 1,000 ቅጂ አሳተማችሁ እንበል፤ አንዱ ቅጂ 200 ብር ወጣበት፤ ጠቅላላው 200,000 ብር ሆነ። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ነው። አከፋፋዩ 35 በመቶ ቢወስድ 140 ብር ይሄዳል፤ ለእናንተ 260 ይቀራል። የማተሚያ ቤቱን ወጪ ብቻ ለመመለስ 770 ቅጂ መሸጥ አለበት። ሁሉም ቢሸጥ ትርፉ 60,000 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ ለኢዲተሩ፣ ለሽፋኑና ለምርቃቱ ያወጣችሁት ይቀነሳል። ብሩም ባንድ ጊዜ አይመጣም፤ መጽሐፉ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በአደራ ስለሆነ ገንዘቡ የሚሰበሰበው ሲሸጥ ሲሸጥ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ማተሚያ ቤቱ «3,000 ብታደርጉት ይረክስላችኋል» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ማሽኑን ለማሰናዳትና ፕሌት ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ለ500ም ለ3,000ም ያው ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲበዛ የአንዱ ቅጂ ዋጋ ይቀንሳል። የረከሰው መጽሐፍ ካልተሸጠ ግን መኝታ ቤት ውስጥ በካርቶን ተደርድሮ የሚቀር ገንዘብ ነው።

ታዲያ ዋናው ጥያቄ «ማን ያትምልኛል?» ሳይሆን «እነዚያ 770 ሰዎች ከየት ይመጣሉ?» ይሆናል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ እዚህ ላይ ጥሩ መልስ አለው። ብዙዎቹ ስመ ጥር ደራሲዎቻችን ከመጽሐፍ በፊት ወይም ከመጽሐፍ ጎን ለጎን ጋዜጠኞች ነበሩ። በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ን በ1962 ዓ.ም. ያሳተመ ልብ ወለድ ጸሐፊ ብቻ አልነበረም፤ መነንና አዲስ ሪፖርተር መጽሔቶችን፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣንም በአዘጋጅነት የመራ ሰው ነው። ብርሃኑ ዘሪሁንም የጋዜጣ ሰው ነበር፤ ማሞ ውድነህም እንዲሁ። ጳውሎስ ኞኞ ደግሞ በአዲስ ዘመን «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የአንባቢን ደብዳቤ እየተቀበለ ይመልስ ነበር። አስቡት፤ ሰው ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያናድደው፣ የቱ ላይ እንደሚሰለች በየጊዜው በደብዳቤ የሚነገረው ጸሐፊ!

ጋዜጣ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይሰጣቸው ነበር፦ ደሞዝ፣ የማስረከቢያ ቀንና የሚጠብቅ አንባቢ። ደሞዙ የቤት ኪራይ ይከፍላል። የማስረከቢያ ቀኑ «ስሜቱ ሲመጣልኝ እጽፋለሁ» የሚለውን ልማድ ያስጥላል። አንባቢው ደግሞ ስማቸውን ይለምዳል፤ መጽሐፍ ሲያወጡ ፈልጎ ይገዛል።

ሌላ መንገድም አለ። ሀዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ በዲፕሎማትነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። መተዳደሪያቸው ሌላ ሥራ ስለነበር ልብ ወለዱ ለዕለት ጉርስ አልተቻኮለም። ያ መጽሐፍ ወደ ብዙ ሰው ጆሮ የገባውም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው፤ መጽሐፉን ያልገዛ፣ ማንበብ የማይችልም ጭምር ሰምቶታል።

ዛሬስ? በሮቹ ተቀያየሩ እንጂ አልተዘጉም። የሬዲዮ ድራማና የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። ትርጉም፣ አርትዖት፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ የባለ ታሪኮችን ሕይወት በእነሱ ስም መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ የሚከፈልባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ብዕርንም ይሞርዳሉ። ገጣሚ ከሆናችሁ እንደ ግጥም በጃዝ ያሉ መድረኮች አሉ፤ የትኛው ስንኝ አዳራሹን ጸጥ እንዳሰኘ፣ የትኛው እንዳሰለቸ እዚያው ታያላችሁ። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ በየሳምንቱ በቋሚ ቀን አጭር ታሪክ የሚያወጣ ሰውም የራሱን ዓምድ ከፈተ ማለት ነው።

በነጻ ስታወጡት ይሰረቃል ብላችሁ ትሰጉ ይሆናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራችሁን የሚጠብቀው ከጻፋችሁበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ መመዝገብን አይጠብቅም። የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመናችሁና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ይሁንና አዋጁ በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ብቻውን አያስቆመውም፤ ስለዚህ ለምሥክር የሚሆን ቀን ያለበት ረቂቅ አስቀምጡ። ከአከፋፋይ፣ ከፊልም ሠሪ ወይም ከተራኪ ጋር ስትስማሙም በጽሑፍ ይሁን፤ የምትሰጡት ምን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ድርሻችሁም ስንት እንደሆነ ይጻፍበት።

እንግዲህ ረቂቃችሁን ይዛችሁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ዓመት ስጡት። በየሳምንቱ አንድ አጭር ጽሑፍ፣ በማይዛነፍ ቀን፣ ሰው በሚያየው ቦታ አውጡ። አንድ ሳምንት ስታስቀሩ «ምነው ጠፋህ?» ብሎ የሚጠይቅ የማታውቁት ሰው ከተገኘ፣ ያ ሰው የመጀመሪያው ገዢያችሁ ነው። እንዲህ ያሉት ሲበራከቱ ስንት ቅጂ ማሳተም እንዳለባችሁ በግምት ሳይሆን በእጃችሁ ባለው ቁጥር ትወስናላችሁ።