«ዲስክ ነው» ሲባሉ፦ የወገብ ሕመም እንዴት ይመረመራል? እንዴትስ ይታከማል?

ከቁፓት ሖሊም በሚሰጥ የምርመራ ወረቀት ላይ «ሺኑዪም ኒቩኒዪም» ወይም «ፕሪጻት ዲስክ» የሚሉ የዕብራይስጥ ቃላት ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ከጊዜ ብዛት የመጣ ማርጀት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ዲስኩ ከቦታው ወጣ ብሏል ማለት ነው። ልጅ አንብቦ «ወገብህ ተበላሽቷል» ብሎ ሲተረጉም አባት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ማለትን ይፈራል፣ ይተኛል፣ ከቤት መውጣት ያቆማል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዲስኩ ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት ነው።

የታችኛው ወገባችን በአምስት አጥንቶች የተሠራ ነው። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ዲስክ ይባላል። ውጪው ጠንካራና ድርብርብ፣ ውስጡ ውሃ የበዛበት ዝልግልግ ነው። ዲስክ ከዳር ዳሩ በቀር የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡ ከአጎራባች አጥንቶች እየሰረገ ይደርሰዋል። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው እየቀነሰ ዲስኩ ይሳሳል። ዘር፣ ሲጋራና ከባድ ሸክምም ያፋጥኑታል። በመሠረቱ ግን ፀጉር እንደሚሸብተው ያለ ለውጥ ነው።

በ2015 የወጣ አንድ ጽሑፍ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 33 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 3,110 ሰዎችን አጠቃሎ ነበር። ሰዎቹ ምንም የወገብ ሕመም ያልነበራቸው ናቸው። ሆኖም በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶ፣ በ50 ዓመት 80 በመቶ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶ በሚሆኑት ላይ ያረጀ ዲስክ ታይቷል። ስለዚህ ፎቶው ዲስኩ ማርጀቱን እንጂ የሚያመው እሱ መሆኑን አይነግረንም። ሐኪሙ «ኤም.አር.አይ. አሁን አያስፈልግም» ቢል ንቆን ነው ብለን አንቀየም።

ታዲያ በሽታው በምን ይታወቃል? በዋናነት በሽተኛው በሚናገረውና ሐኪሙ በእጁ በሚመረምረው ነው። ሐኪሙ እግርዎን ቀጥ አድርጎ ያነሳል፣ ጉልበትዎን በትንሽ መዶሻ ይመታል፣ በተረከዝና በጣት ጫፍ ያስኬድዎታል። ሕመሙ ከጉልበት በታች የሚወርድ ከሆነ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ስንት ሜትር እንደሚሄዱም ይጠይቃል። ርቀትን በሜትር መናገር ለብዙዎቻችን ይቸግራል፤ በሚያውቁት መንገድ ይንገሩት። ለምሳሌ የኢየሩሳሌም ሰው «ከነቢያት ጎዳና ገብቼ በኢትዮጵያ ጎዳና እስከ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በር ድረስ ሳላርፍ አልደርስም፤ ግንቡን ተደግፌ ጎንበስ ስል ግን ይለቀኛል» ቢል ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነገረው። ቆሞ መሄድ የሚያመው፣ መቀመጥና ጎንበስ ማለት የሚያሳርፈው ሰው የነርቭ መተላለፊያው ጠቦ ሊሆን ይችላል።

በእኛ ዘንድ ወገብ ሲያም «ኩላሊቴን» ማለት የተለመደ ነው። ይህ ቃል በቃል ሲተረጎም ሐኪሙን ወደ ሌላ ምርመራ ይወስደዋል። የኩላሊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጎድን አጥንት በታች በጎን በኩል ነው፤ ቢገላበጡም ቢቀመጡም አይለወጥም፤ ትኩሳት ወይም የሽንት ማቃጠል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የአካሉን ስም ከመጥራት ይልቅ የሚያምዎትን ቦታ በእጅዎ ያሳዩ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ፣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የወገብ ነርቮች ታንቀው ሊሆን ይችላል፤ መዘግየት ለዘለቄታው ይጎዳል። እነዚህ ምልክቶች ግን አባት በልጁ ወይም በምራቱ ፊት የማይናገራቸው ናቸው። ለዚህ ነው ልጆች ለወላጆቻቸው በሐኪም ፊት አስተርጓሚ ባይሆኑ የምንመርጠው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በሕመምተኛው ቋንቋ ተደራሽ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት አያሳፍርም።

ሌላም አለ። ሳምባ ነቀርሳ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ አከርካሪን ሊይዝ ይችላል። ወገቡን እያመመው የሚከሳ፣ የሚያተኩሰው፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ወይም ተኝቶም የማያርፍ ሰው ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ይናገር። ከዚህ በፊት ነቀርሳ ታክሞ ከሆነ ወይም ከታመመ ሰው ጋር ኖሮ ከሆነ አይደብቅ። ይድናል፤ ግን መታወቅ አለበት። ካንሰር የነበረበት ወይም ወድቆ የተጎዳ ሰውም እንዲሁ ይናገር።

እነዚህ ከሌሉ ሕክምናው እንቅስቃሴ ነው። በ1986 በታተመ ጥናት ሁለት ቀን ብቻ የተኙ ሰዎች ሳምንት ከተኙት ቀድመው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም የአካል እንቅስቃሴን ሲመክር የወገብ ቀበቶን በሕክምናነት አልመከረም። (መቀነታችንን ለልብስነት መታጠቅ ግን ማንም አልከለከለም።) በቁፓት ሖሊም የፊዚዮትራፒያ ሪፈራል፣ ማለትም «ሀፍናያ»፣ የቤተሰብ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የሚያሳዩዎትን ስፖርት ቤት ውስጥ ካልደገሙት ግን ብዙ አይረባም።

በቤትም የሚደረግ አለ። የእንጀራ ምጣዱን ከወለል አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሳያጎነብሱ ለመጋገር ይረዳል። ወገብ በተነሣባቸው ቀናት የልጅ ልጅን በአንቀልባ ማዘል ለሌላ ሰው ይተው።

አካሞል ለድንገተኛ የወገብ ሕመም ብዙ እንደማይረዳ በ2014 በታተመ ትልቅ ጥናት ታይቷል። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ የተሻለ ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። ከጎረቤት አይበደሩ።

ወጌሻ ቢያሽ እፎይታ ይሰጥ ይሆናል፤ እግር ከደነዘዘ ወይም አጥንት የሳሳ ከሆነ ግን አይጫኑት። በእሳት መተኮስና ዋግምት ዲስኩ ዘንድ አይደርሱም፤ ቁስሉ በተለይ ለስኳር ሕመምተኛ አደገኛ ነው።

ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ነርቭ ተጫኖ እግር ሲሰንፍ ወይም የእግር ሕመሙ ለሳምንታት አልለቅ ሲል ነው። ዲስክ ስላረጀና ወገብ ስላመመ ብቻ አጥንትን አያይዞ ማሰር ከጠንካራ የእንቅስቃሴ ሕክምና ብዙ የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። ፈርሙ ከተባሉ በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ በሚገባዎት መንገድ እንዲብራራልዎትና የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት እንዲጠይቁ መብት ይሰጥዎታል። ወረቀቶቹንና የመድኃኒቶቹን ከረጢት ይዘው ይሂዱ።