ያረጀች ድመትና አዲስ በር

«ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳም» የሚለውን ተረት ያልሰማ አንባቢ አይገኝም። ተረቱ ስለ ድመት የተነገረ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የተነገረው ስለ ሰው ነው። ሰው ከሸመገለ ወዲያ ጠባዩን ይለውጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ድካም ነው ለማለት ሲፈልጉ አባቶቻችን ድመቷን ምሳሌ አደረጓት። እኔ ግን ዛሬ ነገሩን ገልብጬ ስለ ራሷ ስለ ድመቷ ልጠይቅ እወዳለሁ። ያረጀች ድመት አዲስ ነገር መማር ትችላለችን? አንባቢዬ ሆይ፤ ጥያቄው ለቀልድ ብቻ የቀረበ እንዳይመስልዎ። መልሱ ለቤቱ ባለቤት የጤፍ ጉዳይ ነው፤ ለድመቷ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ደመወዟን በዓይነት የምትቀበል ሠራተኛ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፤ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ አቃቂ ቃሊቲ ይገኛል። አገሩ የእህልና የፋብሪካ አገር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር የሚያልፈው በዚህ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፤ የዱቄት ወፍጮውና የዕቃው መጋዘን በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ተተከሉ። ከሠፈሩ ወጣ ሲሉ ደግሞ የጤፍ ማሳ ይጀምራል። እህል ካለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ካለበትም ድመት አትታጣም። ስለዚህ በአቃቂ ድመት የጌጥ እንስሳ ሳትሆን ደመወዟን በዓይነት የምትቀበል ሠራተኛ ነች።

የዚህች ሠራተኛ መግቢያና መውጫ ግን እየጠበበ ሄዷል። የድሮው የጭቃ ቤት የሳንቃ መዝጊያ ነበረው። ሳንቃው ከደፉ ጋር ስለማይገጥም ድመቷ ከሥሩ ሾልካ ትገባና ትወጣ ነበር። ዛሬ ወለሉ ስሚንቶ፤ በሩም በብየዳ የተሠራ ብረት ሆኗል። ጥሩ በር ለሌባ ሲዘጋ ለድመትም ይዘጋል። ሌሊት ከውስጥ የተቆለፈባት ድመት ጥግ ፈልጋ ታበላሻለች፤ በዘጠኝ ሰዓትም እየጮኸች ቤተ ሰቡን ትቀሰቅሳለች። ከውጭ የቀረችው ደግሞ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ብርድ፤ ከመንደር ውሾችና ከከተማው ዳር ከማይጠፋው ጅብ ጋር ታድራለች። ወጣቷ ጣራ ላይ ዘላ ታመልጥ ይሆናል። አሮጊቷ ግን መዝለል አቅቷታል። በመጨረሻ የተሰላቸ ሰው በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ገበያ ዳር ይጥላታል። ዐሥር ዓመት ጎተራ ለጠበቀች ፍጡር ይህ መልካም ጡረታ አይደለም።

ቀዳዳው አዲስ ፈጠራ አይደለም

ከዚህ ችግር መውጫው በበሩ ግርጌ ትንሽ ቀዳዳ ማውጣትና ተወዛዋዥ መዝጊያ ማንጠልጠል ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ያሰበው እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን ነው ይላሉ። ወሬው ያስደስታል፤ ነገር ግን እውነት ሊሆን አይችልም። ኤክሰተር በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1598 በአንዱ በር ላይ ለድመት ቀዳዳ ላወጡ አናጢዎች 8 ሳንቲም የእንግሊዝ ገንዘብ መከፈሉ በሒሳብ መዝገብ ተጽፏል። ኒውተን ከመወለዱ ከአርባ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከበሩ በላይ ትልቅ ሰዓት አለ፤ የሰዓቱ ገመድ በሞራ ይታሽ ስለ ነበር አይጥ ይሰበሰብበት ነበር። በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ከ1305 እስከ 1467 ባለው ዘመን ለድመት ቀለብ በየሩብ ዓመቱ ገንዘብ ይመደብ እንደ ነበር መዝገቡ ይናገራል። የመንግሥት ሠራተኛ አንባቢዬ ሆይ፤ ድመት በጀት ሲያዝላት ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም!

የድመትና የሰው ጎረቤትነት ከዚህም እጅግ የቆየ ነው። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ በሆነው መቃብር ውስጥ ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብራ ተገኝታለች። በ2007 የወጣ የዘር ጥናትም የቤት ድመቶች ሁሉ የተገኙት በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበረው የዱር ድመት መሆኑን አስረድቷል። የዚያ የዱር ድመት ወገን ዛሬም በአገራችን ዱር ይኖራል። እንግዲህ ድመትን ወደ ጎተራችን የጠራት እህላችን ነው ማለት ነው። ዛሬ በአውሮጳ ከቆዳዋ ሥር የተቀበረውን ምልክት አንብቦ ለባለቤቷ ድመት ብቻ የሚከፈት የድመት በር ይሸጣል። ለእኛ ግን አንድ በያጅና አንድ ቁራጭ ጎማ ይበቃናል።

ድመትን ያስተማረው ሊቅ

ቀዳዳውን ማውጣት ቀላል ነው። ከባዱ ድመቷን ማሳመን ነው። እዚህ ላይ የትምህርት ጥናት ለሚማሩ አንባቢዎች ስሙ አዲስ ያልሆነውን አሜሪካዊ ኤድዋርድ ቶርንዳይክን እንጥራ። ቶርንዳይክ በ1898 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ያቀረበው ጽሑፍ ስለ እንስሳት ማስተዋል ነበር። የተራበች ድመት በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይዘጋና ምግቧን ከውጭ ያኖርላታል። ድመቷ ትቧጥጣለች፤ ትነክሳለች፤ ትገፋለች። በአጋጣሚ ገመዱን ስትስብ ወይም መወርወሪያውን ስትጫን በሩ ይከፈታል። በሚቀጥለው ጊዜ ጥቂት ቀደም ብላ ትወጣለች፤ ደጋግማ ስትሞክር ከንቱው ድካም እየቀነሰ በመጨረሻ ወዲያው ከፍታ ትወጣለች። ደስ የሚል ውጤት ያስገኘ ሥራ ይደጋገማል፤ ያላስገኘው ይተዋል ሲል ሊቁ ደነገገ።

ከዚሁ ሥራው አንድ ነገር በተለይ ልብ ማለት ይገባል። ቶርንዳይክ የእንስሳውን እግር ይዞ ራሱ ገመዱን እንዲስብ ቢያደርገው ትምህርቱ አልገባውም። ተይዞ የተሠራለትን ሥራ እንስሳው አልተማረውም። ራሱ ሞክሮ የተሳካለትን ግን ያዘው። እንግዲህ ድመቷን ጨብጦ በቀዳዳው እየገፉ ማሾለክ ማስተማር አይደለም። እንዲያውም ቀዳዳውን የፍርሃት ቦታ ያደርግባታል።

ከአንድ ግቢ የተገኘ ምሳሌ

እኔ በተከራየሁበት ግቢ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆን ውሮ የምትባል ድመት አለች። የብረቱ በር ተሠርቶ ቀዳዳ ይውጣላት ባልኩ ጊዜ የግቢው እመቤት ሳቁ። «ልጄ፤ ይህች ባልቴት ከእንግዲህ ወዲህ ምን ትማራለች? እኔንስ ልጆቼ ይህን ስልክ ለማስተማር ስንት ወር ፈጀባቸው!» አሉ። «እማማ፤ በመጨረሻ ግን ተማሩ አይደለም?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እሺ፤ በያጁን ጥራው» አሉ።

የተከተልነውን ሥርዓት ለአንባቢ በተራ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ ቀዳዳው ነው። ወደ 18 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወርድና ቁመት ለተራ ድመት ይበቃል። ከወለሉ ያለው ከፍታ ለወጣቷ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አይጎዳም፤ ለአሮጊቷ ግን 10 ይበልጥ ይመቻል፤ ከውጭ ያለው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ አንድ ጡብ ማኖር ነው። በ2002 በወጣ ጥናት ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆናቸው 100 ድመቶች በራጅ ታይተው በ90ዎቹ የመገጣጠሚያ ሕመም ተገኝቷል። ስለዚህ እምቢታ የሚመስለን ብዙ ጊዜ ሕመም ነው። ቀዳዳው ከመቀርቀሪያው መራቁንም አይርሱ፤ የሌባ እጅ በድመቷ በር ገብቶ የሰውን በር እንዳይከፍት።

ሁለተኛ፤ በመጀመሪያው ሳምንት መዝጊያ አይንጠልጠል። ቀዳዳው ባዶውን ይሁን። ጧትና ማታ፤ ከመብላቷ በፊት፤ አንድ ሰው ከወዲያ በኩል ተቀምጦ በስሟ ይጥራት፤ ትንሽ ሳንባም ያሳያት። በሁዳዴ ልኳንዳው ሲዘጋ የጣሳ ሰርዲን ያገለግላል። ትምህርቱ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። አስተማሪ እንደ መሆኔ ከዚያ በላይ የሚያዳምጥ ተማሪ ብርቅ መሆኑን አውቃለሁ።

ሦስተኛ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቀላል ጨርቅ ከላይ ይሰቀል፤ የቀዳዳውን ሩብ ብቻ ይሸፍን። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። እዚህ ላይ የድመቷን ሐሳብ መረዳት ያስፈልጋል። በዕድሜዋ ሙሉ ያየችው በር ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። ዝግ የሆነ ነገር በአፍንጫ ሲነኩት ይከፈታል የሚል ትምህርት ከማንም አልሰማችም። ጨርቁ ጢሟን ሲነካ ታፈገፍጋለች። ጢሟ እንደ ጣት ስሜት ያለው ነውና አትፍረዱባት። ጨርቁ እንደማይጎዳ፤ ሲገፉትም እሺ እንደሚል ራሷ ትድረስበት።

አራተኛ፤ ጨርቁን ስትለምድ እውነተኛው መዝጊያ ይተካ። ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ድመት ደግሞ ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ሁሉ ስለምትሰማ ትደነግጣለች። እኛ የተጠቀምነው ከጎማ ሠሪ የተገኘ አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ብርድ ይከለክላል፤ አይጮኽም። ሽታው እንዳያስፈራት የምትተኛበትን ጨርቅ አሸንበት። በመጀመሪያ በገመድ ወደ ላይ ታስሮ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወረደ።

አምስተኛ፤ መውጣትና መግባት ለድመት ሁለት ትምህርቶች ናቸው። መውጣት የተማረች መግባት አትችል ይሆናል። ሁለቱንም ለየብቻ ያስተምሯቸው። ስትፈራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ እንጂ አይቆጡ። በቤቱ የለመደች ሌላ ድመት ካለች ግልገሎች እናታቸውን አይተው እንደሚማሩ በ1969 የወጣ ጥናት ስላስረዳ፤ ግልገሎቹን በእሷ አጠገብ ማኖር ይረዳል።

ውሮ በዐሥራ አንደኛው ቀን ጨርቁን በግንባሯ ገፋች። ከመነዳሪውን ግን ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ተቀምጣ ተመለከተችው። ማታ ማታ ከደፉ ላይ አመድ እንበትን ነበር። በሃያ ስድስተኛው ቀን ጧት በአመዱ ላይ ወደ ውጭ የሄደ የእግር ምልክት፤ ከጎኑም የተመለሰ ምልክት አገኘን። ውሮ ምድጃው ዳር ተኝታለች። ዛሬም ቢሆን እንደ ወጣቶቹ ዘላ አትገባም፤ መዝጊያውን በመዳፏ ያዝ አድርጋ፤ አየት አድርጋ፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብላ ታልፋለች። ሆኖም ታልፋለች።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

ድመት እንደ ልቧ የምትወጣበት ቤት ሁለት ነገር ያስታውስ። አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በአገራችን አለ፤ ድመትንም ይይዛል፤ ስለዚህ በየዓመቱ መከተብ ያስፈልጋታል። የነከሰ ወይም የቧጠጠ እንስሳ ያጋጠመው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሁለተኛው የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች። በአንድ ግቢ ውስጥ ድመትም መርዝም ማኖር በአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ቀጥሮ በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

ከድመቷ ወደ እኛ

ቶርንዳይክ በድመት ላይ አላቆመም። በ1928 ስለ ዐዋቂዎች ትምህርት መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም ሰው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የመማር ኃይሉ የሚቀንሰው በጥቂቱና በዝግታ እንጂ በሩ ድንገት እንደማይዘጋ አስረዳ። ይህን በአገራችን ለማየት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ፊደል ከቆጠሩት ውስጥ የልጅ ልጅ ያዩ አዛውንቶች ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፤ ነገ ጧት ቢሮ ሲገቡ መዝገብ ቤት ያሉትን አንጋፋ ጸሐፊ ይመልከቱ። ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ጽፈው አሁን ኮምፒዩተር ተሰጥቷቸዋል። ወጣቱ ሠራተኛ ከኋላቸው ቆሞ «እንዲህ ነው እኮ!» እያለ በእጃቸው ፈንታ እሱ ይነካዋል፤ እሳቸውም ምንም ሳይማሩ ሥራው ያልቃል። ይህ ድመቷን ጨብጦ በቀዳዳው መግፋት ነው። ይልቅስ ወንበር ስበው ከጎናቸው ይቀመጡ፤ አንዲት ቀላል ነገር ያሳዩዋቸው፤ እጅዎን ሰብስበው ይጠብቁ። ሲሳካላቸው ያመስግኗቸው፤ ሳምንት ቆይተው ሌላ ይጨምሩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉትም እኮ እነዚያው ድመቷን ያሙት አባቶቻችን ናቸው።