የካቢኔ በር ማዕዘን እንዲገጥም

አዲስ የተሠራ የካቢኔ በር ስታዩ አውራ ጣታችሁን ቋሚውና አግዳሚው በሚገናኙበት መስመር ላይ አሳልፉት። ጣት የሚያደናቅፍ እርከን ካለ ቀለምም ሆነ ቫርኒሽ አይደብቀውም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጠርዙን በሚቀርጸው ማሽን፣ በራውተሩ ይሳበባል፤ ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እንጨቱ ማሽን ሳይነካው ነው።

ዋንዛም ይሁን ሌላ፣ እንጨቱ የደረቀና ያልተጣመመ ይሁን። ቋሚና አግዳሚዎቹ በአንድ ላይ ተልገው እኩል ውፍረት ይያዙ፤ 20 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ውፍረታቸው ከተለያየ ፊቱ ቢገጥም እንኳ ጀርባው ላይ እርከን ይቀራል። ለሙከራ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ቁራጮችም አብረው ይላጉ።

ለዚህ ሥራ የሚሸጠው የራውተር ቢላ ጥንድ ነው። አንዱ የአግዳሚውን ጫፍ ቀርጾ ምላስ ያወጣል፤ ሌላው በአራቱም እንጨቶች ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ቅርጽና ቦይ ያወጣል። ቦዩ 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ አግዳሚው በሁለቱም ጫፍ ያንኑ ያህል ቋሚው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 400 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው በር፣ ቋሚዎቹ 60 ሚሊ ሜትር ከሆኑ፣ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 400 ሲቀነስ 120፣ ሲደመር 20፤ አግዳሚው 300 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ይህችን 20 የረሳ ሰው በሩ ይጠብበታል።

ቆረጣው ከአግዳሚው ጫፍ ይጀመር። ከኋላ ደጋፊ ጣውላ አስጠግቶ መግፋት እንጨቱ እንዳይሰነጠር ያደርጋል፤ የቀረችውን ስንጥር ደግሞ በኋላ ጠርዙ ሲቀረጽ ቢላው ይወስዳታል። እንጨቱ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ራውተሩ ጠረጴዛ ይደፋ። ቢላ ከመቀየሩ በፊት ሶኬቱ ይነቀል።

አሁን ወሳኙ ቦታ ላይ ደረስን። ሁለተኛውን ቢላ ስታስሩ፣ የተቆረጠውን ምላስ አጠገቡ አድርጋችሁ ቦይ ቆራጩን ከምላሱ ጋር አስተካክሉት። ከዚያ የሙከራ ቁራጭ ቆርጣችሁ ግጠሙ። የአግዳሚው ፊት ከቋሚው ፊት ከፍ ብሎ ከወጣ ቢላውን በዚያው ልክ ከፍ፣ ገባ ካለ ዝቅ አድርጉት። የመጀመሪያውን አትንኩ፤ ሁለቱንም ካነካካችሁ መነሻችሁ ይጠፋል። ምላሱ በእጅ ግፊት ብቻ መግባት አለበት፤ መዶሻ ከፈለገ ቦዩ ጠቧል፣ ከተወዛወዘ ቦዩ ሰፍቷል።

ኮላ የሚቀባው ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ነው። መሐል የሚገባው ገበታ ከድፍን እንጨት ከሆነ አይጣበቅም፤ በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይኮማተራል። በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር መላወሻ ይተውለት። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን በሰያፍ በሜትር ለኩ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ በሩ ስኳድራ ነው።

በመጨረሻም በትክክል የገጠሙትን የሙከራ ቁራጮች አትጣሏቸው። ጻፉባቸውና ከቢላዎቹ ጋር አስቀምጧቸው፤ ለሚቀጥለው በር ልካችሁ እነሱ ናቸው።