የጥሪ ፊደላትና የጣቢያ ስሞች፦ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የራዲዮ መለያዎች ታሪክ

በአካባቢያችን ቋንቋዎች የተቀረጹ የቆዩ የራዲዮ ስርጭቶችን ለምርምር የሚገለገል የቋንቋ አጥኚ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል፤ ቅጂው የየትኛው ጣቢያ ነው? መቼስ ተሰራጨ? ለእነዚህ ምላሽ ያልተገኘለት ቅጂ፣ የተናጋሪው ድምፅ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ለቋንቋ ለውጥ ጥናት የሚሰጠው አገልግሎት ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ በእጃችን ያለው ማስረጃ በቴፑ ማኅደር ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ወይም በቅጂው መግቢያ የሚሰማ የጣቢያ ስም ነው። ስም ደግሞ ይለወጣል፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋም ይተረጐማል። በአንጻሩ የጥሪ ፊደላት፣ ማለትም በዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ አገር ተደልድለው ጣቢያዎች የሚታወቁባቸው አጫጭር የላቲን ፊደላትና አኃዞች፣ አይተረጐሙም። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ፊደላት ታሪክ በአካባቢያችን ይከታተላል፤ ለቅጂዎች ማንነትና ዘመን ምን ያህል ምስክር እንደሚሆኑም ይመረምራል። ፊደላቱ እዚህ የተጻፉት በእንግሊዝኛ አጠራራቸው ነው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ድልድሉና ትውልዶቹ

የዛሬው ሥርዓት መሠረቱን ያገኘው በ1927 በዋሽንግተን በተደረገው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጉባኤ ነው፤ ውሳኔው ከጥር 1 ቀን 1929 ጀምሮ ጸና። ጉባኤው ለመንግሥታት የፊደል ክልሎችን ደለደለ። የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶችና ጥብቅ ግዛቶች ከቪ-ፒ እስከ ቪ-ኤስ ያለውን ክልል ተጋሩ። በዚሁ ውስጥ የራዲዮ አማተሮች፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለራሳቸው ፍላጎት በራዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ በዛንዚባር ቪ-ኪው-1፣ በታንጋኒካ ቪ-ኪው-3፣ በኬንያ ቪ-ኪው-4፣ በኡጋንዳ ቪ-ኪው-5፣ በብሪታንያ ሶማሊላንድ ቪ-ኪው-6 በሚሉ መነሻዎች ይጠሩ ነበር። የፈረንሳይ ሶማሊላንድ በፈረንሳይ ፊደል ኤፍ-ኤል-8፣ የጣሊያን ሶማሊያ በጣሊያን ፊደል አይ-5 ተባሉ። ኢትዮጵያ ግን የማንም ክልል ተቀጥላ ያልሆነ ኢ-ቲ የተባለ የራሷ መነሻ ነበራት። ሱዳን በብሪታንያና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር ሳለች ከግብፅ ኤስ-ዩ ጎን ኤስ-ቲን ይዛለች። የፊደሉ ሰንጠረዥ ማን በማን ሥር እንደነበረ ከብዙ ካርታዎች ይልቅ በግልጽ ይናገራል።

በ1947 በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ጉባኤ ፊደላቱ ብቻቸውን የማይበቁ ስለሆኑ በአኃዝ የሚጀምሩ መነሻዎች ተጨመሩ። ስለዚህ በ1960ዎቹ ነጻ የወጡት አገሮች አኃዝ ቀደም ያለበት መለያ አገኙ፤ ሶማሊያ 6-ኦ፣ ታንጋኒካ በኋላም ታንዛኒያ 5-ኤች፣ ኡጋንዳ 5-ኤክስ፣ ኬንያ 5-ዋይና 5-ዜድ። ከዚያም ፊደል ቀድሞ አኃዝ የሚከተልበት ቅርጽ መጣ፤ ጂቡቲ ጄ-2፣ ኤርትራ ኢ-3፣ ደቡብ ሱዳን ዜድ-8። እንግዲህ የመለያው ትርጉም ቢጠፋን እንኳ ቅርጹ ራሱ ትውልድ አመልካች ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ካታሎግ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የሶማሊያው ሁለተኛ ምልክት «ኦ» የተባለው ፊደል እንጂ ዜሮ አይደለም። «ስልሳ» ተብሎ የተመዘገበ መለያ ሲገኝ የጸሐፊው ስሕተት መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የናይሮቢው ጣቢያ ታሪክ ለቋንቋ አጥኚ ልዩ ጣዕም አለው። በ1928 ስርጭት ሲጀመር መለያው 7-ኤል-ኦ ነበር፤ ይህም በ1922 ሥራ የጀመረውን የለንደኑን ጣቢያ የ2-ኤል-ኦን ቅርጽ ይመስላል። ከዓለም አቀፉ ድልድል በኋላ መለያው ቪ-ኪው-7-ኤል-ኦ ሆነ። አሮጌው አልተጣለም፤ አዲሱ በፊቱ ተቀጠለበት። የቃላችን ግንዶች ባዕድ መነሻ ሲጨመርባቸው እንደምናየው ሁሉ፣ እዚህም ሁለት ዘመን በአንድ መለያ ውስጥ ተደርቦ ይነበባል።

የሚያሳስት ተመሳሳይነት

ኢ-ቲ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ምሕጻር መምሰሉ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በዚሁ በኢ ተርታ ሊቤሪያ ኢ-ኤል፣ ኢራን ኢ-ፒ ናቸው፤ የኬንያው 5-ዋይ ደግሞ ከአገሪቱ ስም ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ፊደልን ከስም ጋር አዛምዶ ትርጉም ማበጀት በሕዝብ ዘንድ የተለመደ ነው፤ በአሜሪካማ ጣቢያዎቹ ራሳቸው ያበረታቱታል። የቺካጎው ደብሊው-ጂ-ኤን ባለቤቱ የነበረው ጋዜጣ «የዓለም ታላቁ ጋዜጣ» እያለ ራሱን ያወደሰበት ምሕጻር ነው። በእኛ አካባቢ ግን የመለያው መጀመሪያ በስምምነት የተሰጠ እንጂ የተመረጠ አይደለም፤ ምርጫ የሚኖረው በቀሪዎቹ ፊደላት ላይ ነው።

ኢ-ቲ ዛሬ በሦስት ቦታ ይታያል፤ በኢትዮጵያ አውሮፕላኖች አካል ላይ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቍጥር መጀመሪያና በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የአገሮች ኮድ ውስጥ። ሦስቱ ግን ከሦስት የተለያዩ መዝገቦች የመጡ ናቸው። በአውሮፕላኑ አካል ላይ ያለው በቀጥታ የራዲዮ ጥሪ ፊደል ዘር ነው፤ የአውሮፕላን ዜግነት ምልክት የሚወሰደው ለአገሩ ከተደለደለው የራዲዮ ክልል ነውና። የኬንያን ስናስተያይ ልዩነቱ ይወጣል፤ በአውሮፕላኑ ላይ 5-ዋይ፣ በበረራ ቍጥሩ ኬ-ኪው፣ በአገሮች ኮድ ኬ-ኢ። ኢትዮጵያ ላይ የተሸፈነው ስፌት ኬንያ ላይ ይታያል።

አንድ ጣቢያ፣ ብዙ ስም

የጥሪ ፊደል ለቋንቋ ቅጂዎች ያለውን ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ኢ-ቲ-ኤል-ኤፍ ነው። ይህ በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ የካቲት 26 ቀን 1963 (በእኛ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም.) ሥራ የጀመረው የአጭር ሞገድ ጣቢያ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ በበርካታ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። ኢ-ቲ የአገሩ ድርሻ ነው፤ ኤል-ኤፍ ደግሞ የባለቤቱን ስም በቀላሉ ያስነብባል። በእንግሊዝኛው ስርጭት መለያው ከስሙ ጋር ይነገር ነበር። በሌሎቹ ቋንቋዎች ግን አድማጭ የሚያውቀው የተተረጐመውን ስም ነው።

የእንግሊዝኛው ስም «የወንጌል ድምፅ ራዲዮ» ማለት ነው። ስዋሂሊው ሳውቲ ያ ኢንጂሊ፣ በካሜሩን ንጋውንዴሬ ይዘጋጅ የነበረው የፉልፉልዴ ዝግጅት ደግሞ ሳውቱ ሊንጂላ ይላል። ሁለቱም «ድምፅ» የሚለውን ከዐረብኛው ሰውት ወሰዱ፤ ሁለቱም ወንጌልን ከዐረብኛው ኢንጂል ተቀበሉ። ፉልፉልዴ ግን የዐረብኛውን እሙር አመልካች «አል» ከነላሙ ከቃሉ ጋር አዋሕዶ ሲያስቀር፣ ስዋሂሊ ያለ አመልካቹ ይዞታል። ኖልደከ እንዳመለከተው ዐረብኛው ኢንጂል ራሱ ከግሪክ በቀጥታ ሳይሆን በግዕዙ ወንጌል በኩል ያለፈ ቃል ከሆነ፣ ቃሉ ከቀንዱ ወጥቶ ዓረቢያን ዞሮ ከአዲስ አበባ ማሰራጫ በስዋሂሊና በፉልፉልዴ ተመልሶ ተሰማ ማለት ነው።

የአማርኛው ስም ከሁሉም ይለያል፤ ብሥራተ ወንጌል። እዚህ «ድምፅ» የለም። በቦታው የገባው «ብሥራት» ነው፤ ወንጌል በግሪክ ምንጩ «የምሥራች» ማለት ስለሆነ ስሙ በጥሬው ሲፈታ የምሥራችን የምሥራች ይሆናል። አሠራሩም የአማርኛ አይደለም፤ «የ» ሳይገባ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ በግዕዝ ወደሚቀረጽበት የዘርፍ አሠራር ተመልሷል። የስዋሂሊና የፉልፉልዴ ተርጓሚዎች ቃል በቃል ሲሄዱ፣ የአማርኛው ተርጓሚ የቤተ ክህነቱን የስም አወጣጥ ልማድ መረጠ። ይህ ምርጫ በእኔ ግምት ለጣቢያው በኢትዮጵያ አድማጭ ዘንድ የሰጠው የቤተኛነት ስሜት ቀላል አይደለም።

መጋቢት 12 ቀን 1977 ጣቢያው በመንግሥት ተወረሰ፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅም ተባለ። በአዲሱ ስም «ድምፅ» ተመለሰ፤ የግዕዙ ዘርፍ ቀርቶ የአማርኛው «የ» ገባ። በሁለት ስሞች መካከል የአንድ መንግሥት የቋንቋ ዝንባሌ ለውጥ በሰዋስው ይታያል።

አሁን ወደ ቴፖቹ እንመለስ። በሞሺ ስቱዲዮ የተቀረጸ የስዋሂሊ ዝግጅት፣ በንጋውንዴሬ የተቀረጸ የፉልፉልዴ ዝግጅትና አዲስ አበባ የተቀረጸ የአማርኛ ዝግጅት በሦስት ቤተ መዛግብት፣ በሦስት ስም ተቀምጠው ቢገኙ፣ የአንድ ማሰራጫ መሆናቸውን የሚያስተሳስረው በማኅደሩ ላይ የሚገኘው ኢ-ቲ-ኤል-ኤፍ ነው። መለያው ካልተመዘገበ ዝምድናቸው ይጠፋል። ካታሎግ አዘጋጆች የጥሪ ፊደሉን እንደ ቴክኒክ ጕዳይ ቆጥረው ሲዘልሉት ማየት የሚያሳዝነው ስለዚህ ነው።

ዘመንን በተመለከተም የጣቢያውና የስሙ ታሪክ የዓመተ ምሕረቱን ወጥመድ ያጋልጣል። «1969» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ቴፕ በአውሮፓውያን ዘመን ሊሆን አይችልም፤ ስሙ ያኔ አልነበረምና። ስለዚህ 1969 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከመጋቢት 3 ቀን ወዲህ። «1962» የሚል የኢ-ቲ-ኤል-ኤፍ ቴፕም እንዲሁ በዓመተ ምሕረት ብቻ ይነበባል፤ በ1962 ጣቢያው ገና አልተከፈተም ነበር። አስቸጋሪው ብሥራተ ወንጌል ከሚለው ስም ጋር «1969» የሚል ሲገኝ ነው፤ ሁለቱም አቈጣጠር ይፈቅደዋል፤ ያን ጊዜ ከይዘቱ ሌላ ዳኛ የለም።

የአማተሮቹ መዝገብ

የአሜሪካ የራዲዮ አማተሮች ማኅበር አባላቱ ከየትኞቹ አገሮች ጋር እንደተነጋገሩ የሚቈጥርበት ዝርዝር አለው። ጨዋታ ቢመስልም ለአካባቢያችን የፖለቲካ ታሪክ ያልታሰበ መዝገብ ሆኗል። ኤርትራ በኢ-ቲ-2 ከኢትዮጵያው ኢ-ቲ-3 ተለይታ እንደ አንድ አገር ትቈጠር ነበር። ዝርዝሩ ከኤርትራ የተደረገ ግንኙነት የሚጸናው እስከ ኅዳር 14 ቀን 1962፣ ከዚያም ከግንቦት 24 ቀን 1991 ወዲህ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የመጀመሪያው ፌዴሬሽኑ የፈረሰበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው የሻዕቢያ ሠራዊት አስመራ የገባበት። ሁለቱ ሶማሊላንዶች በሰኔ 30 ቀን 1960 ተዘጉ፤ በማግስቱ ሶማሊያ ተከፈተች። የዛንዚባር ግን እንግዳ ነው፤ ከታንጋኒካ ጋር የተዋሐደችው በ1964 ሆኖ ሳለ ዝርዝሩ እስከ ግንቦት 31 ቀን 1974 ለብቻዋ አቆያት። መለያን የፖለቲካ ለውጥ ቀን ማረጋገጫ አድርጎ የሚወስድ ሰው ይህን የዐሥር ዓመት መዘግየት አይርሳ።

«ድምፅ» እና «እዚህ»

ሕዝቡ ዘንድ የጥሪ ፊደልን ቦታ የያዙት ሁለት አነጋገሮች ናቸው። አንዱ ቦታን ጠቋሚ ነው፤ በ1940 የተጀመረው የሱዳን ራዲዮ «ሁና ኡምዱርማን»፣ ማለትም «እዚህ ኦምዱርማን ነው» ሲል ይታወቃል። ሌላው «ድምፅ» ነው፤ በ1951 የተጀመረው ሳውቲ ያ ዳሬሰላም የዚህ ወገን ነው። በ1979 የጀመረው ድምጺ ሓፋሽ ደግሞ «ድምፅ» ፊደል ሳይኖር እንዴት እንደሚበቃ ያሳያል። የነጻነት ንቅናቄ ጣቢያ ማንም መንግሥት የደለደለው መለያ የለውም፤ ስሙ ብቻ መለያው ነው። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎችን በጥሪ ፊደል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ለእነርሱ የስሙን አነባበብና የንግግሩን አከፋፈት መመዝገብ ያስፈልጋል።

ለሶማሊኛ ቅጂዎች ተጨማሪ መመርመሪያ የማኅደሩ አጻጻፍ ነው። የላቲን ፊደል በይፋ የጸደቀው በ1972 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበሩ ማኅደሮች በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛ ወይም በዐረብኛ ቢጻፉ አይደንቅም።

መጨረሻ የሚታየው የሰዓቱ ጕዳይ ነው። የውጭ አድማጮች ለጣቢያዎች የሚልኩት የአቀባበል ሪፖርት በግሪንዊች ሰዓት ይጻፋል፤ የአገር ውስጥ ማኅደር ደግሞ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ሊል ይችላል፤ ይህም በግሪንዊች 16 ሰዓት ነው። ስዋሂሊም ቀኑን ከንጋትና ከምሽት ስለሚቈጥር «ሳ ሞጃ» የአማርኛው አንድ ሰዓት ነው። አንድ ስርጭት በኢትዮጵያ ማኅደር «1»፣ በእንግሊዝኛ መዝገብ «19»፣ በአድማጭ ሪፖርት «16» ተብሎ ቢገኝ ሦስት ስርጭት አይደለም፤ ጥሪ ፊደሉና ቀኑ ከተስማሙ አንድ ነው።