በፍርድ የተከለከለ ነጂና ኢንሹራንስ የሌለው አውቶሞቢል

በእንግሊዝ አገር አውቶሞቢል በአደባባይ መንገድ የሚነዳ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል። አንደኛው የመንጃ ፈቃድ ሲሆን ሁለተኛው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሣ የሚከፍልለት ኢንሹራንስ ነው። ፈቃዱ ነጂው ለመንዳት የተገባ መሆኑን ይመሰክራል፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ ነጂው ባጠፋ ጊዜ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር ዋስ ይሆናል። ዳሩ ግን በጥፋቱ ምክንያት እንዳይነዳ በዳኛ የተከለከለ ሰው ክልከላውን ጥሶ መሪ የጨበጠ እንደ ሆነ ሁለቱም በአንድነት ይፈርሳሉ፤ የኢንሹራንስ ውል እንደ ተለመደው አጻጻፍ ፈቃድ ያለውን ነጂ እንጂ የተከለከለውን አይሸፍንምና። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሁለት ወንጀል ይፈጸማል። ከሁለቱም የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ሕጉ አጥፊውን ሲቀጣ ምንም ያላጠፋውን እግረኛ ከአጥፊው ጋራ አብሮ እንዳይቀጣው እንዴት አድርጎ ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

የመንጃ ፈቃድ በዚያ አገር የተጀመረው በ1903 በወጣው የአውቶሞቢል ሕግ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች የኢትዮጵያ ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዕድሜው 17 ዓመት የሞላና አምስት ሽልንግ የከፈለ ሁሉ ፈቃዱን ይቀበል ነበር። በ1930 በታላቋ ብሪታንያ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ከ7 ሺህ በላይ ሆነ። በዚሁ ዓመት አዲስ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ወጣና ከጃንዋሪ 1 ቀን 1931 ጀምሮ ነጂ ሁሉ ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲገባ ግዴታ ተጣለበት። የሚያስደንቀው፣ ይኸው ሕግ በሰዓት 20 ማይል የነበረውን የአውቶሞቢል ፍጥነት ወሰን አንሥቶት ነበር። በከተማ ውስጥ ወሰኑ በ30 ማይል የተመለሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው።

ነገር ግን የ1930ው ሕግ ነጂውን ኢንሹራንስ ግባ ብሎ አዘዘ እንጂ፣ ሳይገባ ሰው የገጨ ቢኖር ተጎጂው ወዴት ሄዶ እንዲጮህ አላመለከተም። ኢንሹራንስ ያለውም ቢሆን ኩባንያው ውሉ ፈርሷል ብሎ ከመክፈል ያመልጥ ነበር። በ1934 የወጣው ሕግ ይህን መሸሻ አጠበበው። ፈጽሞ ኢንሹራንስ በሌለው ነጂ የተጎዳው ሰው ግን እስከ 1946 ድረስ አጽናኝ አላገኘም፤ በዚያ ዓመት ኩባንያዎቹ ከመንግሥት ጋራ ተስማምተው የአውቶሞቢል ኢንሹራንስ ሰጪዎች ቢሮ የሚባለውን አቋቋሙ። ሕጉ ቅጣትን ከካሣ ለይቶ ለማየት 15 ዓመት ፈጅቶበታል ማለት ነው።

ዛሬ የሚሠራበት የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ተከልክሎ ሳለ ሲነዳ የተገኘ ሰው በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 6 ወር እሥራት፣ ወይም ወሰን ያልተደረገለት የገንዘብ መቀጫ፣ ወይም ሁለቱም ይፈረድበታል፤ ሌላ ክልከላም ሊጨመርበት ይችላል። ለአንድ አጭር ጉዞ ይህ የበዛ ቅጣት ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን የሚቀጣው የመንገዱ ርዝመት አይደለም። የተከለከለውን ሰው ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ የለም፤ አውቶሞቢሉ በደጁ ቆሞ መክፈቻው በኪሱ ሊሆን ይችላል። የዳኛው ቃል የሚጸናው በሰውየው መታዘዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ ያልታዘዘ እንደ ሆነ ጥፋቱ ፍርድን እንደ መናቅ ይታያል። በተለይም በተከለከለ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲነዳ የተያዘ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል። መከልከሌን አላወቅሁም ብሎ ማመካኘትም አያድንም።

ይሁን እንጂ ሕጉ ጭንቀትን ፈጽሞ የማይሰማ አይደለም። በ1989 በሕግ መዝገብ ታትሞ የወጣ አንድ የይግባኝ ፍርድ ይህን ያስረዳል። እንዳይነዳ የተከለከለ አንድ ሰው የእንጀራ ልጁ አርፍዶ ስለ ተነሣ ከሥራው እንዳይባረር፣ ልጁን በአውቶሞቢል ካላደረስህ ራሴን አጠፋለሁ ብላ ሚስቱ አስፈራራችው። ሴቲቱም ቀድሞ እንዲህ ያለ ዝንባሌ የነበራት ናት። የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህ መከላከያ ለፍርድ ሸንጎ ሳይቀርብ መታለፉ ስሕተት ነው ብሎ ፈረደ። ነገር ግን በዚህ በር የሚገባው፣ በእውነት የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋ ፊቱ ቆሞበት ሌላ አስተዋይ ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ያህል ብቻ ያደረገ ነው። ለሥራ መቸኮልና የገበያ ጉዳይ ከዚህ አይቆጠሩም።

ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ብቻውን እሥራት አያስከትልም። ጉዳዩ ቀላል ሲሆን ፖሊስ 300 ፓውንድ ያስከፍልና በፈቃዱ ላይ 6 የጥፋት ነጥብ ይመዘገባል፤ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን መቀጫው ወሰን የለውም፤ ነጥቡም እስከ 8 ይደርሳል። በ3 ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት ሰው፣ ዳኛው የተለየ ምክንያት ካላገኘለት በቀር፣ ቢያንስ 6 ወር እንዳይነዳ ይከለከላል። እንግዲህ በኢንሹራንስ ቸልተኛ የሆነ ሰው ሁለት ጊዜ ሲያዝ ከተከለከሉት መዝገብ ይገባል፤ ሁለቱ ጥፋቶች በአንድ ሰው ላይ ተደርበው የሚገኙትም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ፈተናውን ካለፈ 2 ዓመት ያልሞላው አዲስ ነጂ ደግሞ በ6 ነጥብ ብቻ ፈቃዱን ያጣል። ፖሊስም አውቶሞቢሉን ወዲያው ይዞ ለመውሰድ ሥልጣን አለው፤ ባለቤቱ በተወሰነለት ጊዜ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን አሳይቶ ካልወሰደው ይሸጣል ወይም ይሰባበራል።

የአሠሪውን አውቶሞቢል የሚነዳ ሠራተኛ ኢንሹራንስ አለመኖሩን ካላወቀና የሚጠረጥርበት ምክንያት ካልነበረው ከዚህ ወንጀል ነጻ ይሆናል፤ ተጠያቂው አሠሪው ነው። አውቶሞቢሉን ለሌላ ሰው ያዋሰ ባለቤትም ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። በ1935 የሕግ መዝገብ በገባ ፍርድ፣ አንድ ሰው አውቶሞቢሉን ለወዳጁ አዋሰ፤ የነዳውን ግን ኢንሹራንሱ አይሸፍነውም ነበር፤ የተገጨውም ሰው ከነጂው የሚያገኘው ገንዘብ ስላልነበረ ፍርድ ቤቱ ካሣውን ባለቤቱ ራሱ እንዲከፍል አደረገ። ይህ ሐሳብ ኦሪት ዘጸአትን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊው በሬ በተሠራው ሥርዓት፣ በሬው ክፉ መሆኑ ተነግሮት ያልጠበቀው ባለቤት ካልተነገረው ይልቅ ዕዳው ይከብዳል። በኢትዮጵያም በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፣ ባለተሽከርካሪው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ለነዳበት ጉዳት እንኳ ኃላፊ እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ የሚድነውም በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው።

ሞት በደረሰ ጊዜ ነገሩ ይጠብቃል። ከ2008 ጀምሮ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ኢንሹራንስ ወይም ተከልክሎ ሳለ ሲነዳ ለሰው ሞት ምክንያት የሆነ ሰው እስከ 2 ዓመት እንዲታሠር ተደነገገ። ሕጉ የአነዳዱን ጥፋት ስላልጠየቀ ብዙ ክርክር አስነሣ። ቤተ ሰቡን ይዞ በደንብ ይነዳ የነበረ አንድ ሰው፣ ኢንሹራንስም ሙሉ ፈቃድም ሳይኖረው፣ ሄሮይን ወስዶና በድካም ተሸንፎ መሥመሩን ለቆ ከመጣ ሌላ ነጂ ጋራ ተጋጨ፤ ያም ነጂ ሞተ። ዐቃቤ ሕግ በሕይወት የተረፈውን ከሰሰው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2013 ዳኞቹ በአንድ ቃል፣ በመንገድ ላይ መገኘቱ ብቻ የሞት ምክንያት አያሰኘውም፤ በአነዳዱ ላይ ጥቂትም ብትሆን ለሞቱ አስተዋጽኦ ያደረገች ጥፋት ልትገኝ ይገባል ብለው ወሰኑ። ፍርዱ ትክክል ነው። ኢንሹራንስ አለመግባቱ ራሱን የቻለ ቅጣት አለው፤ የሌላውን ሰው ጥፋት ጨምሮ ማሸከም ግን ፍትሕ አይባልም። ከዚህ በኋላ በ2015 ሕግ አውጪው ምክር ቤት የተከለከለውን ነጂ ከሌሎቹ ለይቶ፣ ለሞት ምክንያት ከሆነ እስከ 10 ዓመት፣ ለከባድ የአካል ጉዳት ምክንያት ከሆነ እስከ 4 ዓመት እንዲታሠር አደረገ። ያለ ኢንሹራንስ ለነዳው የሞቱ ቅጣት በ2 ዓመት እንዳለ ቀረ።

ወደ ካሣው ስንመለስ፣ ለአውቶሞቢሉ ኢንሹራንስ የሰጠ ኩባንያ ካለ፣ ነጂው የተከለከለ ነው ብሎ ተጎጂውን ሊመልሰው አይችልም፤ በፍርድ የተወሰነውን ከፍሎ በኋላ ከነጂው ላይ ይጠይቃል። ምንም ኢንሹራንስ ከሌለ የሚከፍለው ከላይ የተባለው ቢሮ ነው። ከ1969 ወዲህም ገጭቶ በሸሸና ባልታወቀ ነጂ ለተጎዱት የሚሆን ስምምነት ተጨምሯል። የቢሮው ገንዘብ ከኩባንያዎቹ የሚሰበሰብ ስለ ሆነ፣ በመጨረሻ የሚሸከመው ኢንሹራንሱን በሥርዓት የሚከፍለው ሕዝብ ነው። አንድ ሰው ግን ከዚህ ይወጣል፤ አውቶሞቢሉ የተሰረቀ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መሆኑን እያወቀ በፈቃዱ የተሳፈረ መንገደኛ ከቢሮው ካሣ አይጠይቅም። በኢትዮጵያም በ2000 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በ2005 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሁኖ፣ መድን በሌለው ወይም ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለሚጎዱት የመድን ፈንድ ተቋቁሟል።

የክልከላው ዘመን ከ2 ዓመት የበለጠ እንደ ሆነ ሰውየው እንዲነሣለት ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል፤ ከ4 ዓመት ለሚያንስ ክልከላ 2 ዓመት፣ ከ4 እስከ 10 ዓመት ለሚሆነው እኩሌታውን፣ ከዚያ ለሚበልጠው 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። 56 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የተከለከለ ሰው ደግሞ ዘመኑ ሲፈጸም የድሮው ፈቃድ በራሱ አይመለስለትም፤ አዲስ ፈቃድ አመልክቶ ያወጣል። ፈተና አልፎ እስኪመጣ ድረስ ተብሎ የተፈረደበትም፣ የተቆጠረው ዓመት ቢያልቅ እንኳ፣ ፈተናውን እስኪያልፍ ድረስ እንደ ተከለከለ ይቆያል፤ በለማጅ ፈቃድና በለማጅ ሥርዓት ካልሆነ በቀር መሪ ሊጨብጥ አይችልም።