ገብሱ፣ ቅቤውና ጉበታችን

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አንድ ፋብሪካ በምርቱ ማሸጊያ ላይ «ለልብ ይበጃል» ብሎ እንዲጽፍ በቀላሉ አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ1997 ለአጃ ፈቀደ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ያንኑ ፈቃድ ለገብስ ሰጠ። ሁለቱን እህሎች ለዚህ ያበቃቸው ቤታ ግሉካን የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የፋይበር ዓይነት ነው። ከእሱ በቀን 3 ግራም የሚያገኝ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው «መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል ይቀንሳል።

ገብስ በአብዛኛው ከክብደቱ በመቶ ከ4 እስከ 7 የሚሆነው ቤታ ግሉካን ነው። ስለዚህ 3 ግራሙን ለማግኘት 75 ግራም ገደማ የገብስ ዱቄት ይበቃል፤ ጠዋት አንድ ሳህን ገንፎ፣ ወይም ቁርስ ላይ በሶ፣ ከሰዓት ደግሞ እፍኝ ቆሎ ማለት ነው። ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ቢወጣም ብዙ አይጎዳም፤ ቤታ ግሉካኑ ልጣጩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ሳይሆን በፍሬው ሁሉ ውስጥ የተሰራጨ ነው። አርሲና ባሌ፣ ሰሜን ሸዋ ወይም ጎጃም ደጋ ላይ ያደገ አንባቢ ይህን ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። እዚያ ገብስ መድኃኒት ተብሎ አይበላም፤ ስለሚያጠግብ ይበላል እንጂ። (ጠላ ከዚህ ሒሳብ አይገባም።)

ሆድ የገባ ገብስ ከልብ ጋር ምን ያገናኘዋል? መልሱ ያለው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ወስዶ ሐሞት ይሠራበታል። ሐሞቱ ወደ ቀጭኑ አንጀት ወርዶ የበላነውን ቅባት ለመፍጨት ይረዳል፤ ሥራውን ሲጨርስም ከመቶ 95 ያህሉ አንጀቱ መጨረሻ ላይ ተመጥጦ ተመልሶ ጉበት ይገባል። ሰውነት ቆጣቢ ነው፤ የሠራውን አይጥልም። ቤታ ግሉካን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል፤ በሶ በጥብጦ ትንሽ ያቆየ ሰው የሚያየው ውፍረት በከፊል የእሱ ሥራ ነው። ያ ዝልግልግ ነገር ሐሞቱን ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ጉበትም ጎተራው እንደጎደለበት አባወራ ወደ ገበያ ይወጣል። ገበያው ደም ነው። በሴሎቹ ላይ ያሉትን ተቀባይ ፕሮቲኖች ያበዛና ኤልዲኤል የሚባሉትን የዚያ «መጥፎ» ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣቶች ከደም እየለቀመ ያስገባል።

እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት ቴክሳስ፣ ዳላስ ውስጥ አብረው ይሠሩ የነበሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የሕክምናውን ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። የግኝታቸው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ በደማችን ያለው የኤልዲኤል መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው ጉበታችን በሚያወጣው ተቀባይ ብዛት ነው። ጉበት ያልለቀመው ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር ወደ ደም ሥር ግድግዳ ይሰርጋል፣ እዚያም እየተከማቸ የልብን ጡንቻ የሚመግቡትን ሥሮች ያጠብባል። አንድ ቀን ክምችቱ ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበትና ሥሩ ይዘጋል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የምንለው በብዛት ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር የገብሱ ውጤት መጠነኛ ነው። 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን ከመቶ 5 እስከ 7 ያህል ቢቀንስ ነው። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች እንደ መጠናቸው ከመቶ 30 እስከ 50 ይቀንሳሉ። ሐኪም ስታቲን ያዘዘለት ሰው ኪኒኑን ትቶ በሶ ቢጠጣ ራሱን ይጎዳል። ደግነቱ ግን የምግብ ውጤት ይደማመራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣና 26 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት፣ በቀን 130 ግራም ያህል የበሰለ ጥራጥሬ የበሉ ሰዎች ኤልዲኤላቸው በመቶ 5 ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። 130 ግራም የሁለት ጭልፋ ያህል ምስር ነው። እነዚያ ተመራማሪዎች ካናዳውያን በቀን አንዴ ጥራጥሬ እንዲበሉ ለማግባባት ይደክማሉ፤ እኛ ዘንድ ምሳው ሽሮ እራቱ ምስር የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

ተልባም ከዚሁ ወገን ናት፤ ስትበጠበጥ የሚታየው ልጋግ የሚሟሟ ፋይበር ነው። ከዘይቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ ኦሜጋ 3 ከሚባሉት ቅባቶች አንዱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይሏል። ፍሬዋ ሳይደቅ ከተዋጠ ቅርፊቱ ስለማይፈጭ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። እናቶቻችን ተልባን ለብ ለብ አድርገው ቆልተው፣ ወቅጠውና ነፍተው የሚበጠብጡት ዝም ብለው አይደለም። ዱቄቷ ግን ከአየር ጋር ሲቆይ ይበላሻል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መውቀጥ የአንድ ዓመት አስፈጭቶ ከማስቀመጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ገንፎው እንመለስ። በወጉ የቀረበ ገንፎ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ በርበሬ የገባበት የነጠረ ቅቤ ይሞላበታል። ከዳር እየቆረሱ ወደ መሃል ማጥቀስ ነው። ሳህኑ ላይ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች ለአንድ ጉበት እየተላኩ ነው። ገብሱ «ተቀባይ አብዛ» ይላል። ቅቤው፣ ከስቡ ከመቶ 60 የሚበልጠው ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ስለሆነ፣ «ተቀባይ ቀንስ» ይላል። ሳቹሬትድ ቅባት ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግበት ዋና መንገድም ይኸው ነው፤ የጉበትን ተቀባዮች ሥራ ያዳክማል። ስለዚህ ገንፎው ለልብ ይበጃል ወይስ ይጎዳል ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። በጾም ወቅት በተልባ የሚበላው ያው ገንፎ ነው፤ ለጉበት ግን ፈጽሞ ሌላ ምግብ ነው። ለበዓልና ለአራስ ጥየቃ የሚቀርበውን ቅቤ አልነካም። የዕለት ተዕለቱ ነው የሚያሳስበኝ።

ጾም ስንል ብዙ ሰው የጾም ምግብ በሙሉ ለልብ ተስማሚ ይመስለዋል። ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ስለሌለበት ከግማሽ በላይ እውነት አለው። ቀሪውን የሚወስነው ዘይቱ ነው። ለዓመታት በየቀበሌው ሱቅ በድጎማ ሲከፋፈል የኖረው፣ ብርድ ሲነካው የሚረጋው የፓልም ዘይት ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ሳቹሬትድ ነው። የሚረጋውም ለዚህ ነው። «የተመረዘ ነው» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። ትራንስ ፋት የሚባለው ክፉ ቅባት በተፈጥሮ ፓልም ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ በብዛት የሚፈጠረው ፋብሪካዎች ፈሳሽ ዘይትን በከፊል በሃይድሮጂን ሲያረጉት ነው። በአንጻሩ የኛው የኑግ ዘይት ከመቶ 70 ገደማ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ ኤልዲኤልን የሚቀንስ ቅባት ነው። ሱፍም ይቀራረበዋል። ኪስ የሚፈቅድለት ሰው የሚረጋውን በኑግ ወይም በሱፍ ቢለውጥ ለጉበቱ ትልቅ ውለታ ውሏል። ኪስ የማይፈቅድለት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፤ መጠኑን መቀነስ።

እዚህ ላይ ነው የሽሮው ነገር የሚያበሳጨኝ። ምግብ ቤት ገብተው ተጋቢኖ ቢያዝዙ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ ከላይ ቀይ ዘይት ተንሳፍፎበታል። አስተናጋጁ ያን ዘይት እንደ ጥራት ነው የሚያየው፤ ተመጋቢውም እንዲሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ አንዲት ጭልፋ ደግሞ እንደ ስፋቷ አራትና አምስት ማንኪያ ትይዛለች። ድሮ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ከራሱ በወጣው ውሃ እየተማሰለ፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይቁላላ ነበር። ዘይቱ የሚገባው ቁሌቱ ከደረሰ በኋላ፣ ለጣዕም ያህል ነው። የዛሬው ጥድፊያ ይህን ገለበጠው፤ ዘይቱ ቀድሞ ይፈስሳል፣ ሽንኩርቱ ይጠበስበታል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ሽሮን ከሚያህል ምግብ ላይ ግን ብዙ ይወስዳል።

ስለ ቡናም አንድ ቃል። ካፌስቶል የሚባል ቡና ውስጥ ያለ ቅባት ኤልዲኤልን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀው የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የሚጠጡትን የፈላ ቡና በመመርመር ነው። በወረቀት የተጣራ ቡና ይህ ነገር በጣም ያንስበታል። የጀበና ቡና በወረቀት አይጣራም፤ ሲኒው ትንሽ መሆኑና አተላው መዝቀጡ ግን ይረዳል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው ከአቦል እስከ በረካ በየቀኑ ከመጠጣቱ በፊት ቢያስብበት አይከፋም። ከቡናው ይልቅ የሚያሰጋው ግን ሲኒው ውስጥ የሚገባው ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው።

የምግብ ለውጥ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ እስራኤልን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን የገቡት ኢትዮጵያውያን አይሁዶች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም፤ ኮሌስትሮላቸውም ዝቅተኛ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ የስኳር በሽታው ከነባሩ ሕዝብ እኩል፣ አልፎም በላይ ሆነ። ስኳር ደግሞ ለልብ በሽታ ዋና በር ነው። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዳቸውና እርምጃቸው ነው። በእግር መሄዱ ቀረ፣ ጣፋጭ መጠጥ ገባ፣ እንጀራው ሳይቀር በጤፍ ፈንታ ከነጭ የስንዴ ዱቄት ይጋገር ጀመር። ጤፍ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ልጣጩን ለይቶ ማውጣት አይሞከርም፤ ከነፋይበሩ ነው የሚፈጨው። ነጭ ስንዴ ያንን ሁሉ ወፍጮ ላይ ትቶ የመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ምግብ የማይደርስበት የልብ በሽታም አለ። አገራችን ውስጥ ብዙ ወጣቶችን የሚያሠቃየው ሩማቲክ የልብ በሽታ ከኮሌስትሮል ጋር አይገናኝም። የሚጀምረው በልጅነት በጊዜው ካልታከመ በባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ የልብን በሮች ያበላሻል። በራቸው በብረት ተቀይሮላቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ስለ ጎመን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። አበሻ ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላላቸው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። መፍትሔው ጎመንን እርግፍ አድርጎ መተው ሳይሆን በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን መብላት ነው። ለሁለት ወር ጾም ጎመን በጎመን ሆኖ ፋሲካ ሲደርስ በአንዴ ማቆም፣ ለሐኪም ሳይነግሩ ከተደረገ አደገኛ ነው።

በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ጨው፣ በኔ ግምት ለኢትዮጵያዊ ልብ ከኮሌስትሮል በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ የደም ግፊትን ያንራል፣ ግፊት ደግሞ ልብንም አንጎልንም ይመታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያውም ልክክ ያለ። በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ ወደ 21 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ሙከራ፣ የጨዉ አንድ አራተኛ በፖታሲየም ጨው ሲተካ ስትሮክ በመቶ 14 እንደቀነሰ አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ምትክ ጨው ኩላሊቱ የታመመ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ መንካት የለበትም። ፖታሲየሙ ግን ምስርም፣ ጎመንም፣ ድንችም፣ ሙዝም ውስጥ ሞልቷል፤ ኩላሊት ከጨው የሚመጣውን ትርፍ ሶዲየም እንዲያስወግድ ይረዳል።

እንጀራችን በተለምዶ ጨው የለበትም፤ ይህ ከብዙ አገር ዳቦ የሚለየን መልካም ነገር ነው። ችግሩ ወጡ ላይ ነው፤ ጨው ሁለት ጊዜ ይገባል። አንዴ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ከቅመሙ ጋር ተደባልቆ ይፈጫል፤ ሁለተኛ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል። ያኔ አብሳይዋ ስንት ግራም እንደገባ በምን ታውቃለች? በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ሲያስፈጩ ጨዉን ከዝርዝሩ ያውጡት። በርበሬው በደንብ ከደረቀ ያለ ጨውም ይቀመጣል። ጨዉ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል በሻይ ማንኪያ ተለክቶ ይግባ፤ ዕድሜዎ ከ40 ካለፈም ግፊትዎን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለኩ።