ማሽኑን የሚያውቅ ማን ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ማሽን ሲገዛ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ማሽኑ ራሱ፣ ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍና የጥቂት ቀን ሥልጠና። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ማሽኑ ከሚችለው ሥራ ጥቂቱን ብቻ ሲሠራ፣ መጽሐፉም አቧራ ለብሶ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው ነው፤ «አልገባውም»፣ «ሠልጥኖ ሳለ ረሳው» ይባላል። ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ የተደረጉ አንዳንድ ምርምሮች ይህ ፍርድ የችኮላ ፍርድ መሆኑን ስለሚያሳዩ፣ ዋና ዋናዎቹን ለጓደኞቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ዜሮክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ የምርምር ማዕከል አቋቁሞ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው ያወጣው አንድ ትልቅ የፎቶ ኮፒ ማሽን ለአጠቃቀም አስቸጋሪ ነው የሚል አቤቱታ በዛበት። በዚያን ጊዜ በማዕከሉ ይሠሩ የነበሩት ሉሲ ሳችማን የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ፣ ሁለት ሰዎች ከማሽኑ ጋር ሲታገሉ በፊልም ቀረጿቸው። የተሰጣቸው ሥራ አንድን ጽሑፍ በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ማባዛት ብቻ ነበር። ይህን መጽሔት የሚያባዙልን ጓደኞቻችን ከዚህ ላይ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ነገር ግን ሰዎቹ መሀይማን አልነበሩም፤ አንደኛው አለን ኒውዌል፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት በ1975 ከኸርበርት ሳይመን ጋር የተቀበሉ ሊቅ ናቸው። እርሳቸውም ተቸገሩ።

ሳችማን ምክንያቱን በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረዱ። ማሽኑ ተጠቃሚው ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ ይገምታል፤ መመሪያውንም በዚያው ግምት ይሰጣል። ሰው ግን ሥራውን የሚመራው አስቀድሞ በተጻፈ ዕቅድ ብቻ ሳይሆን፣ በየደረጃው የሚያየውን እያየ ነው። ከግምቱ አንድ እርምጃ በወጣ ጊዜ ማሽኑ የሰውየውን መሳሳት አያውቅም፤ ሰውየውም የማሽኑን አለማወቅ አያውቅም። እንግዲህ ጥፋቱ የተጠቃሚው ብቻ ነው ለማለት አይቻልም።

«እንግዲያውስ ሥልጠናው ይጠናከር» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህንንም የመረመሩ አሉ። በዚያው በ1980ዎቹ ውስጥ ጆን ካሮል የተባሉ የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ፣ የቢሮ ሠራተኞች በኮምፒውተር መጻፍን እንዴት እንደሚማሩ ይከታተሉ ነበር። መጽሐፉ ተማሪውን ከአንደኛው ገጽ እስከ መጨረሻው በሥርዓት ሊመራው ይፈልጋል፤ ተማሪው ግን የሚፈልገው ደብዳቤውን መጻፍ ስለ ሆነ፣ ገጹን ዘልሎ ወደ ሥራው ይገባል። በተሳሳተም ጊዜ መጽሐፉ ከስሕተቱ የሚወጣበትን መንገድ አይነግረውም።

ካሮል መጽሐፉን ይበልጥ ከማወፈር ይልቅ አሳጠሩት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እውነተኛ ሥራ አስገቡበት፤ ተማሪው ስሕተቱን እንዴት እንደሚያውቅና እንደሚያርም ጨመሩበት፤ የቀረውን ለተማሪው ማሰብ ተዉለት። አጭሩን መጽሐፍ የያዙት ከሌሎቹ ፈጥነው ተማሩ። ካሮል በ1990 ላሳተሙት መጽሐፍ ርእሱን የወሰዱት ከአንድ የጀርመን አፈ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ዘይት ወደ ጠርሙስ እንደሚቀዳ ሁሉ፣ ዕውቀትን በሰው ራስ ላይ የሚያፈስ የኑረምበርግ ዕቃ አለ የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን የለም፤ ሰው የሚማረው እየሠራ ነው።

እየሠራ የተማረው ዕውቀትስ ወዴት ይሄዳል? ለዚህ መልስ የሰጡን ጁልያን ኦር ናቸው። ኦርም በፓሎ አልቶው ማዕከል የሠሩ ሲሆኑ፣ አስቀድሞ ራሳቸው የጥገና ባለሙያ ነበሩ። የፎቶ ኮፒ ጠጋኞችን ወደ ደንበኛ ቢሮ ሲሄዱና አብረው ሲመገቡ ተከትለው አጠኗቸው፤ ጥናታቸውም በ1996 በመጽሐፍ ወጣ። ኩባንያው ለጠጋኞቹ የሰጠው መጽሐፍ «ይህ ምልክት ሲታይ ይህን አድርግ» የሚል ዓይነት ነበር። ሆኖም ምልክቱና ብልሽቱ የማይገጣጠሙበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአንድ እንዲህ ባለ አጋጣሚ ጠጋኙና ሊረዳው የመጣው የበላይ ባለሙያ መጽሐፉ አላዋጣ ሲላቸው፣ ማሽኑን እየፈተኑ፣ ከዚህ ቀደም በሌሎች ማሽኖች ላይ ያዩትንና የሰሙትን ሲያወጉ ለሰዓታት ቆዩ። ከወጋቸው መካከል የብልሽቱ ምክንያት ተገኘ። ታሪኩም በተራው ወደ ሌሎቹ ጠጋኞች ተላለፈ። ለአለቃ ሥራ ፈትነት መስሎ የሚታየው ወግ ከሥራው ዋና ክፍል አንዱ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ኩባንያው ይህን ከተረዳ በኋላ በ1990ዎቹ በመጀመሪያ በፈረንሳይ፣ ኋላም በሌሎች አገሮች «ዩሪካ» የተባለ የዕውቀት መዝገብ በኮምፒውተር አዘጋጀ። በመጽሐፍ የሌለ መፍትሔ ያገኘ ጠጋኝ ጽፎ ያቀርባል፤ ልምድ ያላቸው ባልንጀሮቹ ይመረምሩታል፤ እውነት ሆኖ ሲገኝ ከነስሙ ለሁሉም ይደርሳል። በወግ ውስጥ ስሕተትም ሊተላለፍ ስለሚችል ይህ ምርመራ የግድ ያስፈልጋል። ለጸሐፊዎቹ ገንዘብ ይከፈል የሚል ሐሳብ ቢነሣም ጠጋኞቹ አልተቀበሉትም፤ ክፍያ ቢኖር ሰው ለብዛት እንጂ ለጥራት አይጨነቅም ብለው ነው። የፈለጉት ስማቸው እንዲጻፍ ነበር።

ከዚህ ላይ ልናስብበት የሚገባ ብርቱ ጥያቄ አለ። ሠራተኛው የሚያውቀው ሁሉ ወደ መዝገብ ከገባ በኋላ ሠራተኛው ራሱ አያስፈልግም የሚባል ከሆነ፣ ዕውቀቱን ለምን ይሰጣል? መደበቁ ክፋት ሳይሆን ራሱን መጠበቁ ነው። ዩሪካ የተሳካው ሰጪው በባልንጀሮቹ ዘንድ ስለ ተከበረና፣ እርሱም በተራው ከመዝገቡ ስለ ተጠቀመ ነው ብለን እናምናለን። ዕውቀት በትእዛዝ አይሰበሰብም።

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ማሽን ገዥዎች፣ ሥልጠና አዛዦችና ሪፖርት ጸሐፊዎች መሆናቸው አይቀርም። በሪፖርቱ ላይ የሠልጣኞችን ቁጥር መሙላት ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን ሠልጣኙ በሥልጠናው ላይ የራሱን ሥራ ሠርቶ እንደሆነ፣ ሲሳሳት መውጫውን ተምሮ እንደሆነ፣ ሲቸግረውም ማንን እንደሚጠይቅ ልንመረምር ይገባናል። በመዝገብ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው የማሽኑን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ጸሐፊ ካሉም፣ በጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አጠገባቸው ወንበር ስበን እንቀመጥ፤ የነገሩንንም በስማቸው እንጻፍ።